ባለሁለት ሰው ድንኳኔ፦ ከሐይቅ ዳር እስከ አቡነ ዮሴፍ

ድንኳኗን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ባለሁለት ሰው፣ ድርብ ልባስ ያላት፣ ዘንጎቿ አሉሚኒየም የሆኑ፣ ሦስት ኪሎ የማትሞላ። ሌላው አማራጭ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ በመኪና ካልሆነ የማይነቃነቅ ትልቅ ድንኳን ነበር። በጀርባዬ አዝዬ የምሄዳትን መረጥኩ። በወሎ ምድር ይህ ምርጫ የት እንደሚያዋጣና የት እንደማያዋጣ አሁን በደንብ ለይቼዋለሁ።

ሐይቅ የሚባለው የወሎ ሐይቅ ዳር አያዋጣም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ቀላል። በመኪና ከሄዳችሁ ክብደት ማን ይቆጥራል? ፍራሹ፣ ከሰሉ፣ ጀበናው ሁሉም ይጫናል። እኔ ግን ውስጥ ተንበርክኬ ሱሪ እቀይራለሁ። «ባለሁለት ሰው» የሚሉትም ሁለቱ ሰዎች ሻንጣ ከሌላቸው ነው። አርዲቦ ሐይቅም ያው ነው፤ ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ትንሽ ይበርዳል እንጂ።

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሐይቅ ውሃ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ተራራው ከ4,200 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሐይቅ ዳር ጋቢ የበቃው ሰው እዚያ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጅባራው (ከፍታ ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል) አጠገብ ስትደርሱ ትልቁን ድንኳን ተሸክሞ የመጣ ሰው አታገኙም። ትንሿ ዝቅ ያለች ስለሆነች ነፋሱን በላይዋ ታሳልፈዋለች። ካስማው ድንጋያማ መሬት ላይ አልገባ ሲል ገመዱን ከትልልቅ ድንጋይ ጋር አስራለሁ።

ግን ድንኳን ነፋስና ዝናብ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም። ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው። ገንዘብ ካጠራችሁ ከድንኳኑ ቀንሳችሁ ምንጣፉና የመኝታ ከረጢቱ ላይ ጨምሩ።

ትልቁ እንከኗ ላብ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ልባስ ላይ ይጠራቀምና ጠዋት ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ብርዱን እየጠላችሁም ቢሆን የአየር ማስገቢያዎቹን ክፈቱ። በበልግ ዝናብ እርጥብ እንደሆነች አጥፌ ካመጣኋት ማታውኑ ሳሎን ውስጥ እዘረጋታለሁ፤ አለበለዚያ ትሻግታለች። ዚፑ አቧራ እየበላ ይነክሳል፣ ጨርቁም በደጋ ፀሐይ ፈዟል። ዘንጎቹ ግን አብሽር፣ እንደ አዲስ ናቸው።

መሸከም ለማይወድ መቄት ላይ ማህበረሰቡ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። ለነገሩ ወሎ ውስጥ ከመንደር አቅራቢያ ድንኳን መትከል ራሱ ያስወቅሳል። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ ምን በወጣህ?» ይሏችኋል፣ ቡናው ተፈልቶ። ሳትጠይቁ አትትከሉ፤ የአካባቢውን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ።

ተራራ ለሚወጣ ትንሿን ያለማመንታት እመክራለሁ። ለሐይቅ የሚሆነውን ትልቁን ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በጋራ ልንገዛ ነው። ክርክሩ ማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ላይ ነው።