ለሳሎን በርና ለጋራዥ በር የሚሆን ወንፊት፦ የትኛው ለየትኛው ቤት?

በጎጃም ከተሞች የሳሎን በር ከማለዳ እስከ ምሽት ክፍት ሆኖ ይውላል፤ እንግዳ የሚገባው፣ ሕፃናት የሚመላለሱት፣ የከሰሉ ጢስ የሚወጣው በእርሱ በኩል ነውና። በሩን ዘግቶ መዋል ለጎረቤትም ደስ አይልም። አየሩንና ሰውን እያስገባ ዝንብንና ትንኝን የሚያስቀር የወንፊት በር የሚፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛው ገዢ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሽቦው ዓይነት ነው። በእኔ አስተያየት ግን በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚከፍተውና ከደጅ ምን እንደሚገፋው አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ውድ ሽቦ ቢገዛም ገንዘቡን ያባክናል።

የሚኖሩበት ቦታም ምርጫውን ይለውጠዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ በጣና ዳር የምትገኝ ናት፤ ፍኖተ ሰላምም ከ2,000 ሜትር በታች ናት። በእነዚህ አካባቢዎች የወባ ትንኝ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናዋ ባላጋራ ስለሆነች ወንፊቱ ከምሽት ጀምሮ ያለ ክፍተት መዘጋት አለበት። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስና ከእርሷም ከፍ ባለችው እንጅባራ ግን ሰው በአብዛኛው ወንፊት የሚያስገጥመው ለቀን ዝንብ ነው፤ በዚያ ብርድ ምሽት በሩን ክፍት አድርጎ የሚቀመጥም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ለደጋው ቤት ቀላሉ ዓይነት የሚበቃ ሲሆን፣ ለባሕር ዳር ቤት ግን ጥቂት ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

ወደ ሽቦው ስንመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የቀዳዳው መጠን ነው። የተለመደው ወንፊት በአንድ ኢንች ውስጥ 18 በ16 ክር ያለው ሲሆን ቀዳዳው ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሻጩ ይህን ባያውቀው እንኳ ማስመሪያ አስጠግቶ መቁጠር ይቻላል፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ በአንዱ አቅጣጫ ወደ ሰባት፣ በሌላው ከስድስት የማያንስ ቀዳዳ ከተገኘ ለወባ ትንኝም ለዝንብም ይሆናል። ከዚህ የሳሳው ዝንብን እንጂ ትንኝን አያስቀርም። ቁንጭርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነች በዚህም ቀዳዳ ታልፋለች። እርሷን ለመከላከል ጠበቅ ያለ ሽመና ያስፈልጋል፤ ሽመናው በጠበቀ መጠን ደግሞ አየሩም ብርሃኑም ይቀንሳል።

በገበያ ከሚገኙት ርካሹ ፋይበርግላስ ነው፤ በፕላስቲክ የተለበጠ የመስታወት ክር ማለት ነው። አይዝግም፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ልጅ ቢደገፍበት ረግቦ መልሶ ይስተካከላል። ጠላቶቹ የድመት ጥፍር፣ የፍየል ቀንድ፣ የአይጥ ጥርስና የእሳት ፍም ናቸው። ቡና በር ላይ በሚፈላበት ቤት ከከሰል ምድጃው የሚፈናጠቅ አንድ ፍንጣሪ ትንኝ የምታልፍበትን ቀዳዳ ለመክፈት ይበቃል። አሉሚኒየም ፍሙን የተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሰረጎደ እንደተሰረጎደ ይቀራል፣ ቀለም ባልተቀባ የብረት ፍሬም ላይ ሲታሰርም እርጥበት ባለበት ክረምት ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ ይበላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጎማ ወይም ወፍራም ቀለም መኖር አለበት። ዚንክ የተለበጠው ጋልቫናይዝድ ሽቦ ጠንካራ ሆኖ ዋጋውም ከአሉሚኒየም አይከብድም፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከተቆረጠበት ጠርዝና ልባጡ ከተላጠበት ቦታ ነው። ስቴንለስ ስቲል ከሁሉ ይወደዳል፣ ከሁሉም ይቆያል። ለሙሉ በር ሳይሆን ለታችኛው ክፍል ብቻ ቢገዛ ግን ወጪው ያን ያህል አያስደነግጥም። ስለ ቀለሙ የምለው አጭር ነው፦ ጥቁሩ ከውስጥ ወደ ውጭ በደንብ ያሳያል፣ ነጩ ብርሃን እያንጸባረቀ ዓይን ይጋርዳል።

ስለ ፍሬሙ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። የመጀመሪያውን የወንፊት በሬን የሠራልኝ ባለሙያ ጋልቫናይዝድ ሽቦውን በቀጥታ ከብረቱ ጋር በየዳው። ብየዳው ዚንኩን አቃጥሎት ስለነበር በሁለተኛው ክረምት ሽቦው በዙሪያው ዝጎ ተላቀቀ፤ ለመቀየርም ፍሬሙን በሙሉ መፋቅ ግድ ሆነ። አሁን የማሠራው በአር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ፍሬም ላይ ሽቦው በስስ የብረት ዘንግ ተጨምቆ በብሎን እንዲያዝ ነው። ሽቦው ሲቀደድ ብሎኑ ተፈትቶ አዲስ ይገባል፤ ይህን እኔው ራሴ በአንድ ከሰዓት እሠራዋለሁ። ከታች 70 ሴንቲሜትር ያህሉን በላሜራ ማሸፈንም እመክራለሁ። የሕፃናት እግር፣ የዶሮና የውሻ ግፊት የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ከላይ ያለው ክፍል ርካሽ ፋይበርግላስ ቢሆንም ዓመታት ይቆያል።

አከፋፈቱን በተመለከተ ለሳሎን በር በማጠፊያ የሚከፈተውን ከማንሸራተቻው አስበልጣለሁ። የማንሸራተቻው ሐዲድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይሞላል፤ ጎትቶ የሚዘጋው ሰውም አይገኝም። ማጠፊያ ባለው በር ላይ ግን በራሱ የሚመልሰው ሞላ ይገጠምለታል፤ ሞላ የሌለው የወንፊት በር ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ ክፍት ሆኖ ስለሚውል ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ትንኝን ወደ ውስጥ ከመጥረግ ያድናል። በመሃሉ በማግኔት የሚገጣጠመው ተንጠልጣይ መረብ ለተከራይ ቤት ጥሩ ነው፤ በሩን አይበሳም፣ ሲለቁም ይነቀላል። ሆኖም ነፋስ ሲበረታ ይከፈታል፤ ትሪ ይዞ የሚገባ ሰውም በጀርባው ገፍቶት ያልፋል እንጂ መልሶ መገጠሙን አያይም።

ጋራዡ ሌላ ነገር ነው። በከተማ ቤቶች ጋራዥ የሚባለው ክፍል መኪና ብቻ አይደለም የሚያድርበት፤ ባጃጅ ይቆምበታል፣ የጤፍና የበቆሎ ጆንያ ይደረደርበታል፣ አንዳንዴም ምሽት ላይ ሥራ ይሠራበታል። አፉ ሦስት ሜትር ያህል ሊሰፋ ስለሚችል በአንድ ጥቅል ወንፊት አይሸፈንም። መሃል ላይ መጋጠሚያ ይኖረዋል፤ ነፋሱ የሚያሸንፈውም እዚያ ላይ ነው። ባለ ፍሬም ተንሸራታች ወንፊት ቆንጆ ቢሆንም ወጪው ከሳሎኑ በር ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ መኪናው በገባና በወጣ ቁጥር መክፈትም ይሰለቻል። ወደ ላይ የሚጠቀለለው ዓይነት ቦታ አይወስድም፤ ሸተር ባለበት ጋራዥ ግን የሸተሩን ሐዲድ እንዳይነካ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መተከል አለበት። በሁለት ተከፋች የብረት በር ላይ ሌላ ወንፊት በማጠፊያ መጨመር የመኪናውን ቦታ ስለሚሻማ ብዙም ጥቅም አላይበትም፤ ጋራዡን ምሽት ለሥራ ለሚጠቀም ሰው ከበላይ በዘንግ የተንጠለጠለ፣ ከታች ክብደት የተሰፋበት መረብ ይበቃዋል። መረቡ ወርዶ ሳለ ግን ሞተር ማስነሳት አይገባም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በጋራዡ ተከማችቶ ወደ ቤት ይገባል።

መኪናውና እህሉ ብቻ ለሚያድሩበት ጋራዥ ግን ትልቁን አፍ በወንፊት መሸፈን አያስፈልግም ባይ ነኝ። የወባ ትንኝ መኪናን አትነድፍም። ገንዘቡ ከጋራዡ ወደ ሳሎን ወይም ወደ ኩሽና በምታስገባው ትንሽ በር ላይ ቢውል ይሻላል፤ ስፋቷ ከአንድ ሜትር የማያልፍ ስለሆነ ስቴንለስ ሽቦ ቢገባላትም አይከብድም። እህሉን ከአይጥ ለመጠበቅ ደግሞ የትንኝ ወንፊት ሳይሆን ወፍራም የጋልቫናይዝድ ሽቦ ከጋራዡ በር ግርጌና ከአየር ማስገቢያው ላይ ይመታል።

ከወንፊት ምን እንደሚጠበቅ ልክ ማወቅም ያስፈልጋል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በርና መስኮታቸው በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ የተገኘችው የወባ ትንኝ 40 በመቶ ያህል መቀነሷን አሳይቷል። ብዙ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም፤ ስለዚህ አጎበሩ ከአልጋው አይነሳም። ትንኝ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍተትም ስለምትገባ፣ በጭቃ ቤት ውስጥ ያንን ሳይደፍኑ ለበሩ ስቴንለስ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም። በመጨረሻም ባለሙያው ልኬት ሲወስድ ከወንፊቱ በር ግርጌ እስከ መድረኩ ያለው ክፍተት ከጥቂት ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ከበለጠም የጎማ ጥብጣብ እንዲታከልበት ከፊቱ ቆመው ያስፈጽሙት።