አንድ ከተማ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ጋዜጣ

በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ጀርመንኛ የሚያነብ ስደተኛ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ዕለታዊ ጋዜጣ ነበረው። ዶይቸ ላ ፕላታ ጻይቱንግ ድሮም ልቡ ከካይዘሩ፣ ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ ጋር ነበር፤ ሂትለር ሲመጣ ደግሞ ከናዚዎቹ ጎን ቆመ።

አርጀንቲኒሸስ ታገብላት ግን ሌላ ነው። ከስዊዘርላንድ የመጡት ዮሃን አለማን በ1889 የመሠረቱት ይህ ጋዜጣ ናዚዎችን ፊት ለፊት ተቃወመ። ዋጋም ከፈለ፤ ጀርመን ውስጥ ታገደ፣ የጀርመን ድርጅቶችም ማስታወቂያ ነፈጉት። ከሂትለር ያመለጡ አይሁዶች ግን አዲስ አንባቢ ሆኑለት። የጋዜጣው መሪ ኤርኔስቶ አለማን በዚህ አላበቁም፤ የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች በናዚ መንፈስ ሲዋጡ፣ በ1934 ከዚያ ነፃ የሆነውን የፔስታሎዚ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ይሄ ነው ልቤን የሚነካው።

እኔ ያለ ማመንታት ታገብላትን እመርጣለሁ። ላ ፕላታ ከናዚዎቹ ጋር አብሮ ጠፋ፤ ታገብላት በ1981 ሳምንታዊ እስኪሆን ድረስ በየቀኑ ወጣ።