ዕቃ የታጨቀበትን ቤት ኢንሹራንስ ያስጸዳል ወይ? በአክስቴ ቤት ያየሁት

አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ጥር ብርዱ ሲበረታ ፎቅ ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ውሃው እስከ ቤዝመንት ወረደ። ስንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሰላም ብላን የምትመልሰን ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባን። ኮሪደሩን በጎን ካልሆነ ማለፍ አይቻልም። ግራና ቀኙ ለአገር ቤት ተብሎ የተገዛ ዕቃ የታጨቀበት ሻንጣ ነው። አንዱን ስከፍት ዋጋው ያልተነሳለት የሕፃን ጫማ አገኘሁ። የተገዛለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ኢንሹራንሷ ዘንድ ደወልን። እኔ ሁሉንም የሚያጸዱልን መስሎኝ ነበር። አይደለም። እነሱ የሚጠይቁት ጉዳቱ ድንገት የደረሰ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣ የሚለውን ነው። ቧንቧው መፈንዳቱ ድንገተኛ ስለሆነ ግድግዳውን ከፍቶ ቧንቧው ጋ ለመድረስ፣ የራሰውን ወለል ለማድረቅና ለመቀየር፣ ውሃ ያበላሸውን ዕቃ አውጥቶ ለመጣል ከፈሉ፤ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ሳይከፍል በፊት ከራሳችን ኪስ የሚወጣው፣ 1,000 ዶላር ከእኛ ነው። የቧንቧውን ዋጋ ራሱን አልከፈሉም። ከሲንኩ ሥር የቆየውን ሻጋታ፣ አይጥ የበላውን ግድግዳ፣ ደረቁን ክምር በሙሉ ደግሞ «ይሄ የአያያዝ ጉድለት ነው» ብለው ተዉት። ተናድጄ ነበር፤ በኋላ የኢንሹራንስ ውሉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን በግልጽ ተጽፏል።

የተጨነቅነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ክሌሙን (የካሳ ጥያቄያችንን) የያዘው የኢንሹራንሱ ሰውዬ ቤቱ በብርዱ ሰሞን ማሞቂያው ይሠራ እንደነበር ማስረጃ አምጡ አለን፤ ቤቱ ሳይሞቅ ቀርቶ ከሆነ ቧንቧው የፈነዳው፣ ላለመክፈል ምክንያት ይሆናቸዋል። አክስቴ ምንም ነገር ስለማትጥል የጋዝ ቢሉ ሁሉ ከድሮ የስልክ ካርዶች ጋር በጫማ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ያ ነው ያዳነን። እናንተም ቢሎቻችሁን ያዙ፣ አንድም ዕቃ ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱ።

ለኢንሹራንሱ ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ። ኮከብ የቀነስኩት ስልክ ላይ ያገኘኋት ሴት «ይሸፈናል» ብላኝ ስለነበር ነው። በስልክ የሰማችሁትን በጽሑፍ አስልኩ።

ማጽዳቱን ከኪሳችን ከፈልን፤ ወንድሞቼና እኔ ተካፍለን። ሁለት ትልልቅ ደምፕስተር (የቆሻሻ መጣያ ኮንቴይነር) ሞላ። ለአጽጂዎቹ 5 ኮከብ ይገባቸዋል። መጀመሪያ ዋጋ የጠየቅነው ሌላ ድርጅት «በአንድ ቀን ጠርገን እንጨርሳለን» ብሎን ነበር፣ ዋጋውም ይረክሳል። እነዚህ ግን አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጠው ይቀመጥ፣ ይሰጥ፣ ይጣል እያሉ አንድ በአንድ ጠየቋት። ስድስት ቀን ፈጀ። ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ዕቃ መጣል አለመቻል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ራሱን የቻለ ሕመም ብለው የመዘገቡት ነገር ነው። ባለዕቃዋ ሳትፈቅድ ቢጠረግ ሐዘኑ እሷ ላይ ይቀራል፣ ቤቱም ተመልሶ ይሞላል። የሕፃኑን ጫማ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ልጄ፣ ለቤተክርስቲያን ስጪልኝ» አለችኝ።

ክሌም ስታስገቡ ቤቱን እንደሚያዩት አትርሱ። አክስቴ ዘንድ ቤቱ ካልጸዳ ውሉን አናድስም የሚል ደብዳቤ መጣ። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ያለበት ሰው ኢንሹራንሱ ሲቋረጥ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ወጪውን በእሱ ላይ ይጭነዋል፤ የሚሸፍነውም የባንኩን ጥቅም እንጂ የቤት ዕቃችሁን አይደለም። እኛ የጸዳውን ቤት ፎቶ ላክን፣ ሰው መጥቶ አየ፣ ውሉ ታደሰ። ዋጋው ግን ጨምሯል።