የስቲሪንግ ራክ ቡሽ ቀየርኩ፦ እቃው አሪፍ ነው፣ ግሪሱ ግን አይበቃም

መኪናዬ ኮረኮንች ላይ መሪ ስጠመዝዝ "ጓ" ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ቴስቲና (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ነው ተባልኩ፣ ቀየርኩ። ጓ! ከቴስቲናው ጋር የሚያያዘው የውስጠኛው ዘንግ ነው ተባልኩ፣ እሱንም ቀየርኩ። ጓ! በመጨረሻ ተናድጄ ራሴ ከስር ገባሁ። ለካ ያለቁት ራኩን (የመሪውን ዙረት ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል) ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩት ሁለት የላስቲክ ቡሾች፣ ማለትም ንዝረት የሚውጡ ቀለበቶች፣ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ስለገዛሁት የፖሊዩሪቴን (ከላስቲክ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ መሰል ነገር) ቡሽ ከማውራቴ በፊት ስለ ፍተሻው ትንሽ ልበል። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፣ እኔን ግን ሁለት ጊዜ ከመክሰር ያድነኝ ነበር። ሁለት ሰው ይበቃል። ጎማዎቹ መሬት መንካት አለባቸው። ክሪክ ላይ ከተሰቀለች ጎማው በቀላሉ ስለሚዞር ያለቀ ቡሽም ጤነኛ ይመስላል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተር ይነሳ፣ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ ራኩን ይይ (ከስር ማየት የግድ ከሆነ ራምፕ ላይ ትውጣ እንጂ ተሽሎክሉኮ መግባት አይሞከርም)። ላስቲክ ስለሆነ ትንሽ መስጠቱ ያለ ነው። የእኔው ግን ሌላ ነበር፦ ወንድሜ መሪውን ሲነካው መጀመሪያ ራኩ ከነቤቱ (ከነውጪ አካሉ) ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጓ ይላል፣ ጎማው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ መሪው መሀል ላይ ባዶ ሆኖ የሚሰማኝና ቀጥ ባለ መንገድ ሁሌ ማቃናት የነበረብኝ በዚህ ነው። ራኩ ንቅንቅ ካላለ ግን ቡሽ አትግዙ፤ ጎማውን አንስታችሁ ግራና ቀኝ ጎኑን ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ያኔ ቴስቲናው ወይም ዘንጉ ራሱን ያጋልጣል።

አውጥቼ ሳየው የሹፌሩ በኩል ያለው ቡሽ ላስቲክ መባሉ ቀርቷል። በጣቴ ስጫነው እንደ ጥቁር ሊጥ ተጣበቀብኝ። መሀል ላይ ያለው የብረት ቱቦ ወደ ታች ተንሸራቶ አንድ ጎን ላይ ተኝቷል። ጥፋተኛው ከላይ የሚያንጠባጥበው የሞተር ዘይት ነው። ዘይቱን ሳያስቆሙ አዲስ ላስቲክ መግጠም ልፋት ብቻ ነው። ፖሊዩሪቴን ዘይት የተሻለ ይችላል ተብዬ ነው የመረጥኩት፣ ማንጠባጠቡን ግን መጀመሪያ አስጠግኛለሁ።

የማውጣቱ ሥራ ከገመትኩት በላይ አታገለኝ። በእኔ መኪና ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቶ ራኩን ትንሽ ወደ ፊት መሳብ ይበቃል፤ አንዳንድ መኪና ላይ ግን ሞተሩ የተቀመጠበት ብረት መውረድ አለበት፣ ያ ደግሞ ግቢ ውስጥ በክሪክ የሚሞከር አይደለም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁልፉን ንቀሉ፣ እንዲቆለፍ። የመሪው ዘንግ ከራኩ ተለያይቶ መሪው ዝም ብሎ ከዞረ ውስጥ ያለው የኤርባግ ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል። አሮጌውን ቡሽ በመዶሻ ልደበድብ ስል አማኑኤል አወጣኝ፤ ቤቱ አሉሚኒየም ነው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ረጅም ቡሎን፣ ወፍራም ሮንዴላና የቧንቧ ቁራጭ አገጣጥሜ ዳዶውን ቀስ እያልኩ ሳጠብቅ ተስቦ ወጣ። የቀረውን ቅርፊት በመጋዝ ምላጭ ስቆርጥ ቤቱን እንዳልጭረው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አሁን ወደ እቃው። ፖሊዩሪቴኑ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ በእጅ ይገባል፣ ፕሬስ አይፈልግም። የብረት ቱቦውን በሞርሳ ገፋ ሳደርገው ያለ ምንም ክፍተት ተቀመጠ። ልኩ ላይ አቃቂር አይወጣለትም። መመሪያው ግን አንዲት ወረቀት ናት፣ ፎቶዋም ጭጋግ ነው፤ የቡሎኑን ማጥበቂያ ልክ ከመኪናው መጽሐፍ ነው የፈለግኩት። የግሪሷ ነገርማ ይቅር። አብራ የመጣችው ከረጢት ለአንድ ቡሽ በቅጡ አትበቃም፣ እኔ ደግሞ ለሁለት አብቃቃኋት።

መጀመሪያ ቀን ስነዳ ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ። መሪው ሲነካ መኪናዋ እዚያው ትሰማለች፣ ያ መሀል ላይ የነበረው ባዶነት የለም፣ ጓ ጓውም ጠፋ። በምትኩ የመንገዱ ሸካራነት እጄ ድረስ ይመጣል። ላስቲክ ይውጠው የነበረውን ንዝረት ፖሊዩሪቴን አይውጥም። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እናቴን ይዤ ስሄድ ግን "ምን ሆና ነው የምትንቀጠቀጠው?" አሉኝ። ለስላሳ አነዳድ የሚወድ ሰው ላስቲኩን ቢገዛ ይሻለዋል። ራኩ ቦታው በጥቂቱም ስለሚቀየር መሪዬ ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ካስደረግኩ በኋላ ተስተካከለ።

ከወር በኋላ መኪናዋ ቆማ መሪውን ሳዞር መጮህ ጀመረ። እንደገና ፈትቼ ሳየው ቡሹ አዲስ ነው፣ ግሪሱ ግን የለም። ውሃ የማያጥበው የሲሊኮን ግሪስ ሞላሁበትና ዝም አለ። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አምስተኛዋን የበላችው ያቺ ከረጢት ናት። ለወንድሜ መኪናም ያንኑ አዝዘናል፣ ግሪሱን ግን ለብቻው ገዝቼ አስቀምጫለሁ።