ለከሰል ዋሻ የትኛው ፋን ይሻላል? አክሲያል ወይስ ሴንትሪፉጋል

ፋን ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ይገፋል?» ብሎ ነው። እኔም ኮምቦልቻ ላይ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ሻጩ ሰሌዳውን አሳየኝና «ጋሼ፣ ይኼ አውሎ ነፋስ ነው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ እውነትም ወረቀቱን ሁሉ በተነው። አየሩን ወደ ዋሻው የሚወስድ 80 ሜትር ቱቦ ሲገጠምለት ግን ከጫፉ የሚወጣው የሻይ እንፋሎት አይገፋም። ትልቁ ቁጥር ቱቦ ሳይቀጠል የተለካው ነዋ። የሚጠየቀው «በስንት ፓስካል ግፊት ላይ?» ተብሎ ነው።

አክሲያሉ የቤት ቬንቲሌተር ዘመድ ነው፤ አየሩን ቀጥ አድርጎ ይገፋል። ቀላል ስለሆነ ደላንታ ገደል ላይ በትከሻ ይወጣል። ለአጭርና ሰፊ ቱቦ የምመርጠው እሱን ነው። ቱቦው ሲረዝምና ሲጣመም ግን ጩኸቱ ይብሳል፣ አየሩ ይቀንሳል። ሴንትሪፉጋሉ የቀጥቃጭ ቤት ብሎወር ታላቅ ወንድም ነው፤ ከባድና ውድ ቢሆንም ጠባብና ረጅም ቱቦ ውስጥ አየሩን አስገድዶ ያሳልፋል።

ብር ካጠረ ግን ፋኑን ትቶ ቱቦውን ማስፋት ይሻላል። ያንኑ አየር ከ60 ወደ 30 ሳንቲሜትር በጠበበ ቱቦ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት 32 እጥፍ ነው! እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

የአየሩ መጠንስ? የቻይና የከሰል ማዕድን ደንብ ለአንድ ሰው በደቂቃ ቢያንስ 4 ሜትር ኩብ፣ በከሰል ቁፋሮ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ በሰከንድ 0.25 ሜትር የአየር ፍጥነት ይጠይቃል። 4 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ዋሻ ፍጥነቱ ብቻ በደቂቃ 60 ሜትር ኩብ ይወስዳል፤ ለ10 ሰው ከሚያስፈልገው 40 ይበልጣልና የሚያዘው 60ው ነው። የእኛን ከፍታም አትርሱ። ደሴን በሚያህል 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የፋኑም ግፊት በዚያው ልክ ይወርዳል፣ ጄኔሬተሩም ይደክማል።

መንፋት ወይስ መሳብ? ከሰል ላይ እኔ መንፋት እላለሁ። ሳቢ ፋን ጋዙንና ብናኙን በራሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ የሸራ ቱቦም ሲሳብ ይጨፈለቃል። ነፊው ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይተከል። የጄኔሬተሩ ጭስ ወደሱ እንዳይሄድ።

ሞተሩ ላይ ግን ድርድር የለም። ሚቴን (ከከሰሉ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ) አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ለከሰል ማዕድን የተሠራ፣ ፍንዳታ የማያስነሳ ሞተር ይሁን። የአሉሚኒየም ምላጭም ዝገት ያለበት ብረት ሲነካ ብልጭ ይላል።

የጋዝ መለኪያው ከፋኑ ጋር በአንድ ደረሰኝ ይገዛ። መለኪያው ደህና ካለ በኋላ፣ ቁፋሮው ጫፍ ጣሪያው ሥር ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ ክር አንጠልጥሉ፤ ሚቴን ቀላል ስለሆነ የሚያንዣብበው እዚያ ነው። ፋኑ እየጮኸ ክሩ ካልተነቃነቀ፣ ሰው አይግባ።