ክፍል 7 እና የጎ ቋንቋ የሽሚያ መርማሪ

ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የከተማው ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ጥር፣ ከከተራ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው እንግዳ መቀበያው ፊት ቆሙ። አንዱ ከባሕር ዳር በመኪና የመጣ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ በርሮ አዘዞ ያረፈ። በሁለቱም ስልክ ላይ «ክፍል 7 ተይዞልዎታል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ነበረ። መልእክቱን የላከው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። እንግዳ መቀበያ የሚሠሩት እናት ቁልፎቹ ወደተንጠለጠሉበት ሰሌዳ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ የሰባት ቁልፍ አንድ ነው። እንዴት ለሁለት ሰው ሰጠሽው?» አሉኝ። አንደኛው እንግዳ ያን ሌሊት ያደረው የማረፊያው ባለቤት ሳሎን ውስጥ ነው።

ይህን ግምገማ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለተጠቀምኩበት መሣሪያ ነው፤ ከጎ የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ ስለሚመጣው የሽሚያ መርማሪ። ነጻ ነው። በፈረንጆቹ 2013 ከወጣው ጎ 1.1 ጀምሮ በቋንቋው መሣሪያዎች ውስጥ አለ። ፕሮግራሙን ስታስኬዱ ወይም ስትፈትሹ «ሬስ» የምትባለውን አማራጭ ትጨምራላችሁ፤ ሌላ ትእዛዝ የለውም።

በጎ ቋንቋ ጎን ለጎን የሚሮጡት ሥራዎች ጎሩቲን ይባላሉ፤ በሌሎች ቋንቋዎች ትሬድ ከምንለው ጋር ይቀራረባሉ፣ ግን ለማሽኑ ሸክማቸው በጣም ቀላል ነው። ፕሮግራሜ ለእያንዳንዱ የቴሌግራም ጥያቄ አንድ ጎሩቲን ይከፍታል፤ ሁሉም የ14ቱን ክፍሎች ዝርዝር ከአንድ ቦታ ያነባሉ፣ እዚያው ይጽፋሉ። ሁለት ጎሩቲኖች አንድን የሜሞሪ ቦታ ማን ይቅደም ሳይባባሉ ሲነኩና ቢያንስ አንዱ ሲጽፍ የውሂብ ሽሚያ ተፈጠረ ማለት ነው።

መርማሪውን በድሮ ሙከራዎቼ ላይ ሳስኬደው ዝም አለ። ሙከራዎቹ ተራ በተራ፣ በአንድ ጎሩቲን የሚሄዱ ነበሩ፤ መርማሪው ደግሞ የሚከታተለው በሩጫው ወቅት የተደረገውን እንጂ ኮድ አንብቦ አይተነብይም። ስለዚህ 50 ጎሩቲኖች በአንድ ጊዜ ክፍል 7ን የሚጠይቁበት ሙከራ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ጮኸ። የጻፈው ይህ መስመር ነው፣ ከእርሱ በፊት ያነበበው ያኛው ነው፣ ሁለቱም ጎሩቲኖች የተከፈቱት እዚህ ነው እያለ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ዘረዘረልኝ። ሦስት ሌሊት ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ያላገኘሁትን በአንድ ሩጫ ፊቴ አስቀመጠው። ሽሚያ አለ ካለ ሽሚያ አለ፤ በከንቱ ሲያስደነግጠኝ አላየሁም።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። «ክፍሉ ባዶ ነው?» የሚለው ተግባር ውስጥ አንድ ሚውቴክስ፣ ማለትም መቆለፊያ፣ አስገባሁ፤ «ክፍሉን ያዝ» በሚለውም ያንኑ መቆለፊያ አስገባሁ። መርማሪው ጸጥ አለ። ሙከራዬ ግን አሁንም አንዳንድ ጊዜ ክፍል 7ን ለሁለት ሰው ይሰጥ ነበር! እያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት ተቆልፏል፤ በሁለቱ መካከል ግን መቆለፊያው ይለቀቃል፤ በዚያች ቅጽበት ሌላው ጎሩቲን ገብቶ እርሱም «ባዶ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱን ያገኘሁት እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሜ እማማን ስመለከት ነው። «ክፍል አለ?» ሲባሉ ሰሌዳውን አይተው ብቻ «አለ» አይሉም፤ ቁልፉን አንሥተው በእጃቸው ከያዙ በኋላ ነው የሚመልሱት። ማየቱና መያዙ በአንድ መቆለፊያ ሥር፣ ሳይለቀቅ፣ መከናወን አለበት። መርማሪው ይህን አይነግራችሁም፤ የሚጠብቀው ሜሞሪውን እንጂ ለእንግዳው የገባችሁትን ቃል አይደለም። ዝምታውን «ፕሮግራሜ ትክክል ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው የእኔ ዓይነት ሌሊት ይጠብቀዋል።

ስህተቱን ሳርም ሌላ ነገር ገጠመኝ። ማየቱንና መያዙን አንድ ላይ የሚያደርገውን ውጫዊ ተግባር ቆልፌ፣ በውስጡ እነዚያኑ ሁለት ተግባሮች ጠራሁ። ቦታ ማስያዙ ቀጥ አለ። ሲንክሮናይዝድ የሚባለው የጃቫ ቋንቋ መቆለፊያ አንዴ የቆለፈውን ትሬድ እንደገና ያስገባዋል፤ የጎ ሚውቴክስ ግን ባለቤቱን አያውቅም፣ ስለዚህ ጎሩቲኑ ራሱ የያዘውን መቆለፊያ ይጠብቃል። ጎ ሁሉም ጎሩቲኖች ሲያንቀላፉ ዴድሎክ (ሁሉም እየጠበቀ ማንም የማይንቀሳቀስበት ሁኔታ) ብሎ ይወድቃል፤ የእኔ የቴሌግራም አድማጭ ግን ነቅቶ ስለነበር ምንም አላለም። የሽሚያ መርማሪውም አልረዳኝም፤ ሥራው አይደለምና። የውስጦቹን ተግባሮች ያለ መቆለፊያ ትቼ፣ የውጪው ብቻ እንዲቆልፍና በዲፈር፣ ማለትም ተግባሩ ሲያበቃ በሚፈጸም ትእዛዝ፣ እንዲለቅ አደረግሁ። ለእንግዳው መልእክት መላኩንም ከመቆለፊያው ውጭ አወጣሁት፤ ኢንተርኔቱ ሲዘገይ አንድ መልእክት እስኪሄድ ሌላው ጠያቂ ሁሉ ይሰለፍ ነበር።

ዋጋው በገንዘብ ባይሆንም በሌላ ይከፈላል። የመሣሪያው የራሱ መመሪያ የሜሞሪ ፍጆታው ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ የሩጫው ጊዜ ከ2 እስከ 20 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ይናገራል፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፔ ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። መብራት ከሄደማ ባትሪው እስኪያልቅ መሽቀዳደም ነው። በ32 ቢት ኮምፒውተር ጨርሶ አይሠራም፤ የማረፊያው አሮጌ ማሽን በዚህ ምክንያት ቀረ። በዊንዶውስ ላይ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ለብቻው መጫን ይፈልጋል፤ እኔ እርሱን ለማውረድ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ለሙከራ ተጠቀሙበት፤ ደንበኛ በሚያገለግለው ፕሮግራም ላይ ሁልጊዜ አታብሩት።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ከአንድ በላይ ጎሩቲን የሚከፍት ማንኛውም ሰው ያለዚህ መሣሪያ ሥራውን ማስረከብ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ትናንት ማታ ሙከራውን ከ50 ወደ 500 ጎሩቲኖች አሳድጌ፣ መርማሪውን አብርቼ፣ መቶ ጊዜ ደጋግሜ አስኬድኩት። በእያንዳንዱ ሩጫ 499 ጠያቂዎች «ክፍሉ ተይዟል» ተባሉ፤ ክፍል 7 ለአንድ ሰው ብቻ ተሰጠ።