ጳጉሜንን ለግሉ ማስተማር፦ የክላሲፋየር ኮማንዱ ሲፈተሽ

አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ የመኪና ሚዛን አለ። መኪና በገባና በወጣ ቁጥር ከሚዛኑ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ አንዲት መስመር ይጨምራል፦

2017-13-03 04:12 ገቢ 18460

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም በእኛው፤ የመጨረሻው ቁጥር ኪሎ ነው። ባለቤቶቹ ፋይሎቹን ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ላይ እየጫኑ በአቴና (ፋይሎቹን እንደ ሰንጠረዥ መጠየቂያው) «ትናንት ስንት መኪና ገባ?» እያሉ መጠየቅ ፈለጉ። ሥራው እኔ ዘንድ መጣ፣ እኔም ወደ ኤደብልዩኤስ ግሉ፣ ወደ አማዞን የዳታ ማዘጋጃ አገልግሎት ሄድኩ።

ለማያውቀው ሰው፦ ግሉ ውስጥ ክራውለር የሚባል ነገር አለ። ፎልደር ሲሰጡት ፋይሎቹን ቀምሶ «ይህ ሲኤስቪ ነው፣ ይህ ጄሰን ነው» (ሁለቱም የታወቁ የዳታ ፋይል ቅርጾች ናቸው) ይልና ዓምዶቹን ለይቶ ሰንጠረዡን ካታሎግ ላይ ይመዘግባል። ቀማሾቹ ክላሲፋየር ይባላሉ። የታወቁትን ቅርጾች የሚለዩት አብረውት ይመጣሉ፤ የአንድ መጋዘን ሚዛን የሚጽፈውን ግን ከየት ያውቁታል? ማናቸውም ካላወቁት ፋይሉ «አንኖውን» ተብሎ ይቀራል። ያኔ የራስዎን ቀማሽ ይሠራሉ፤ ክራውለሩም አብረውት ከመጡት በፊት የእርስዎን፣ በሰጡት ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ዓይነቱ አራት ነው፦ ግሮክ፣ ኤክስኤምኤል፣ ጄሰን እና ሲኤስቪ። እኔ ያስፈለገኝ ግሮክ፣ ማለትም የጽሑፍ መስመርን በተሰጠው ጥለት የሚከፋፍለው ነበር።

በድረ ገጹ ላይ እየተጫኑ መሥራት ይቻላል። እኔ ግን ተርሚናል ላይ «ክሬት-ክላሲፋየር» የሚለውን ኮማንድ መረጥኩ፣ ምክንያቱም ዛሬ የተጫንኩትን ነገ አላስታውሰውም፤ ስክሪፕት ውስጥ ያለ ኮማንድ ግን እዚያው ይቆየኛል። ኮማንዱ የሚፈልገው ስም፣ የፋይሉ ዓይነት መጠሪያ፣ የግሮክ ጥለት እና ካስፈለገ የራስ ጥለቶች ነው። ሁሉንም በአንድ መስመር ልጽፈው ስሞክር የጥቅስ ምልክትና የኋላ ዘንግ ብዛት ዓይኔን አጠፋው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ጀነሬት-ሲኤልአይ-ስኬለተን» ብለው ባዶውን የጄሰን ቅጽ ያስወጡታል፣ በኤዲተር ይሞሉታል፣ ከዚያ ፋይሉን ለኮማንዱ ይሰጡታል። ሌላ መንገድ አልመክርም።

ኮማንዱ ሲሳካ ምንም አይልም። አንድ ቃል እንኳ። መጀመሪያ ተበላሽቷል ብዬ ደገምኩት፤ ያኔ ነው «በዚህ ስም ቀድሞ አለ» ያለኝ። «ጌት-ክላሲፋየር» ብሎ ማየት ይሻላል።

ጥለቱን ስጽፍ ለዓመት፣ ለወርና ለቀን ዝግጁ የሆኑትን ወሰድኩ። ለ«ገቢ» እና «ወጪ» ኖትስፔስን አደረግሁ፤ ባዶ ቦታ ያልሆነውን ሁሉ ስለሚያፍስ ከፊደላችን ጋር አይጣላም። ኪሎው ላይ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) ጨመርኩ፣ አለዚያ እንደ ጽሑፍ ይመዘገብና መደመር ችግር ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት ፋይሎች ሞከርኩት፣ ሰንጠረዡ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን የመጋዘኑ ሒሳብ ሹም ደወሉ። «ልጄ፣ ጳጉሜን የት ገባች?»

«እንዴት እትዬ?»

«ነሐሴ አለ፣ መስከረም አለ። መሀል ላይ ባዶ ነው። እኛ እኮ ጳጉሜን 3 ቀን እህል ስናስገባ ነው የዋልነው።»

የወሩን ዝግጁ ጥለት ከፍቼ አየሁት፦ (?:0?[1-9]|1[0-2])። ከ1 እስከ 12። አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ነገር እሱ ዘንድ የለም! ጥፋቱ የግሉ አይደለም፣ ጥለቱ ለፈረንጅ ወር የተሠራ ነው። አሥራ ሦስት ወር ሲቆጥር ያደገው እኔ ነኝ፣ ማሰብ የነበረብኝም እኔ። የራሴን የወር ጥለት ሠርቼ መጨረሻዋን 2 ወደ 3 ቀየርኩ፣ «አፕዴት-ክላሲፋየር» አልኩ፣ ክራውለሩን አስነሳሁ። ጳጉሜን አሁንም የለችም። እንደገና አስነሳሁ። የለችም።

መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ሳላነብ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ክላሲፋየር ቢቀየርም ክራውለሩ ቀድሞ ያያቸውን ፋይሎች ዳግም አይመድብም፤ የሚሠራው ለአዲስ ዳታ ነው። የተሳሳተውን ለማረም አዲስ ክራውለር መፍጠር ያስፈልጋል። ይህ አሠራር አልወደድኩትም፤ «ሁሉንም እንደገና ቅመስ» የሚል አንድ ማዘዣ ቢኖር ምን ነበር? ብቻ ኮማንዱ ስክሪፕት ውስጥ ስለነበር አዲሱን ክራውለር በሁለት ደቂቃ ሠራሁት። ጳጉሜንም ገባች።

ሲኤስቪው ላይ ብዙ አልቆይም። መጋዘኑ ከሚዛኑ ፋይል ሌላ በሲኤስቪ የተጻፈ የሾፌሮች ዝርዝር አለው፤ ስም፣ ታርጋና ድርጅት ብቻ ነው፣ ሁሉም ጽሑፍ። አብሮ የሚመጣው ቀማሽ የዓምዶቹን ርዕስ የያዘውን የመጀመሪያ መስመር የሚለየው ከታች ካለው ዳታ በዓይነት ሲለይ ነው፤ ሁሉም ጽሑፍ ሲሆን ርዕሱን እንደ አንድ ሾፌር ይቆጥረዋል። በራስ ክላሲፋየር «ርዕስ አለው» ብሎ መንገር ነው፣ አለቀ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የሚያስከፍለው ክላሲፋየሩ ሳይሆን የክራውለሩ ሩጫ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ሪጅን ለአንድ ዲፒዩ (የግሉ የማስሊያ አቅም መለኪያ) በሰዓት 0.44 ዶላር ነው፤ በሰከንድ ይታሰባል፣ ነገር ግን አንድ ሩጫ ቢያንስ እንደ 10 ደቂቃ ይቆጠራል። በ2 ዲፒዩ ቢሰላ አንዱ ሩጫ 15 ሳንቲም ገደማ ነው። እኔ በመሳሳትና በማረም 11 ጊዜ አስነስቼዋለሁ፤ አንድ ዶላር ተኩል አለፍ ብሎ መሆኑ ነው። ለደንበኛው አላስከፈልኩም።

ያለዎት አንድ ዓይነት ፋይል ብቻ ከሆነና ቅርጹ የማይለወጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፤ አቴና ላይ ሰንጠረዡን በእጅ ጽፎ መገላገል ነው። ከየቦታው የሚመጣ፣ ቅርጹ የተለያየ ፋይል ላለው ሰው ግን ኮማንዱን እመክራለሁ። የእኔ መጋዘን ሁለተኛ ሚዛን ሊተክል ነው አሉ። ከሌላ አቅራቢ የተገዛ ነው፤ ቀኑን በምን አቆጣጠር እንደሚጽፍ እትዬን ጠይቄያቸዋለሁ፣ መልሳቸውን እየጠበቅኩ ነው።